ወደ ጅማ ለምትመጣ ተማሪ፦ በአእምሮ ጤና በጎ ፈቃደኛ መሆን ምን ይጠይቃል?

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚማሩ ወጣቶች የረፍት ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉት ያስባሉ። ሥነ ልቦና፣ ሕክምና ወይም ነርሲንግ ከሚያጠኑት መካከል አንዳንዶቹ ሩቅ አገር ሄደው የአእምሮ ሕሙማንን ለመርዳት ይነሳሉ። የእኛም ልጆች አሉባቸው፤ ቶሮንቶ ወይም ፍራንክፈርት ያደጉ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰሙ፣ «ወደ እናትና አባቴ አገር ሄጄ ላገልግል» የሚሉ። ሐሳቡ ከልብ የመጣ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን በአእምሮ ጤና መስክ የሚሰጥ በጎ ፈቃድ የትምህርት ቤት ግድግዳ ከመቀባት ወይም እንግሊዝኛ ከማስተማር በብዙ ይለያል። ልዩነቱን አስቀድሞ ያልተረዳ ተማሪ፣ ክፉ ሳያስብ፣ የታመመን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች ይዘን ነገሩን ቀስ ብለን እንመልከተው።

ጅማን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከተማ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሆስፒታል አላት። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚባለው ይህ ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ከጋምቤላ ጭምር፣ ታካሚ ይቀበላል። የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ ሙያ በማስተርስ ደረጃ ባለሙያ ያሠለጥናል። በሙኒክ ከሚገኘው ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ትብብር ስላለው የውጭ መምህራንና ተማሪዎች ለጅማ እንግዳ አይደሉም። ከከተማዋ የሚወጡት መንገዶች ደግሞ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሰርቦ፣ ወደ ሸቤ ይወስዳሉ። የታካሚዎቹ አብዛኛው ቤት እዚያ፣ በቡናው ጥላ ውስጥ ነው።

ለማስረዳት እንዲመቸን አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እንያዝ። ሦስተኛ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ስድስት ሳምንት ልታገለግል ጅማ ትመጣለች። የመጀመሪያው ቀን የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ውስጥ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ምን ታያለች?

ምናልባት የጠበቀችው ጨርቁን ጥሎ በገበያ መሀል የሚሮጥ ሰው ነው። ብዙዎቻችንም «የአእምሮ ሕመም» ሲባል በዐይነ ሕሊናችን የሚመጣው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው ጸጥ ብሎ ተራ ይጠብቃል። የጅማ ባለሙያዎች በዚሁ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የመጡ 384 ታካሚዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የተመረመሩት በከባድ ድባቴ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ የነበረባቸው ከሰባቱ አንዱ ያህል ናቸው። በድባቴ የተያዘች ሴት «አዝኛለሁ» ብላ ላትመጣ ትችላለች፤ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰውነቴ ዛለ ትላለች። ከእሷ ቀጥሎ የሚገባው ወጣት ድምፅ ይሰማዋል፤ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው ብሎ ያምናል። ከሱ ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ይገባል። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ቢሆንም በአገራችን ብዙ ጊዜ ክትትሉ የሚደረገው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። አውሮፓ ውስጥ የተማረች ልጅ ይህን መጽሐፏ ውስጥ አላገኘችውም፤ እዚህ ግን የክፍሉ ነርስ የዕለት ሥራ ነው።

ሌላው የምታየው ነገር አስታማሚው ነው። አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ አንዳንዴ ጎረቤት። ታካሚው ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቀጠሮ ካርዱን የሚይዘው፣ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው፣ «ሌሊቱን አልተኛም» ብሎ የሚናገረው አስታማሚው ነው። ምክር ሁሉ በተዘጋ በር ውስጥ፣ በታካሚና በባለሙያ መካከል ብቻ መሰጠት አለበት ብላ የተማረችው ተማሪ መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባታል። አንዳንድ ነገር በእርግጥ ለብቻ መጠየቅ አለበት፤ በተለይ ራስን የመጉዳት ሐሳብና በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት። ሆኖም አስታማሚውን ከክፍሉ አስወጥቶ የተሰጠ ምክር አጋሮ እስኪደርስ አይቆይም። ቤት ውስጥ የሚተገብረው እሱ ነውና።

አስታማሚው እስከዚህ ክፍል የደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ዘመናዊ ሕክምና እስከተገኘበት ቀን ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ 52 ሳምንት ገደማ ነበር። ይህ ማለት ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በላይ ሕመሙን ይዘው ቆይተዋል ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት ወደ ሃይማኖት አባት ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ሄደዋል። በጅማ ዙሪያ አንዱ ቤተሰብ ሼኽ ዘንድ ሄዶ ቁርዓን ያስቀራል፤ ሌላው ጠበል ይወስዳል፤ ሌላው ቅጠልና ሥር የሚያውቅ አዛውንት ይፈልጋል። ተማሪዋ ይህን ስትሰማ «ድንቁርና ነው» ወደሚል ፍርድ ብትቸኩል ትሳሳታለች። አንደኛ፣ ሼኹና ቄሱ ቅርብ ናቸው፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ሁለተኛ፣ እነሱ ታካሚውን በስሙ ያውቁታል። ሦስተኛ፣ ጸሎት ለቤተሰቡ ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋ ደግሞ በዚህ ሕመም ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒት እንዲቋረጥ ሲታዘዝ ወይም በሽተኛው ሲታሰር፣ ሲደበደብ፣ ሲጾም ነው። ጥሩ የጅማ ነርስ አስታማሚውን «ጸሎቱንም አትተው፣ ክኒኑንም አትተው» ብላ ትመክራለች። ተማሪዋ ከዚህ ነርስ ጎን ብዙ ሰዓት ብትቀመጥ መልካም ነው።

ስለ መታሰር ከተነሣ፣ አንዳንድ ቤት ውስጥ ታካሚ በሰንሰለት ወይም በገመድ ታስሮ መገኘቱ እውነት ነው። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተሠራ ጥናት ቤተሰቦች ለምን እንደሚያስሩ ጠይቆ ነበር። መልሱ ጭካኔ አልነበረም፤ ልጁ ጫካ ገብቶ እንዳይጠፋ፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ጎረቤት እንዳይመታ፣ ሕክምናም ስላልተገኘ ነው። ሰንሰለት የሰውን ክብር የሚነካ ነገር ነው፤ መቅረት አለበት። የሚቀረው ግን መድኃኒቱ ያለማቋረጥ ሲገኝና እናቲቱ ብቻዋን አለመሆኗን ስታውቅ ነው። ስልክ አውጥቶ የታሰረን ሰው ፎቶ አንሥቶ ማሰራጨት ለዚያ ቤተሰብ ውርደት ይጨምራል፤ አንዲት ክኒን አያመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የዐይን ሐኪም ከውጭ መጥቶ የዐይን ሞራ ቢገፍ፣ ቋንቋ ባያውቅም ሥራው በአንድ ቀን ይጠናቀቃል፤ ታካሚው ያያል። በአእምሮ ሕክምና ንግግር ራሱ መሣሪያ ነው። ምርመራውም በንግግር ነው፤ የደም ምርመራ ስኪዞፍሬኒያን አይነግረንም። በጅማ ዙሪያ ደግሞ የብዙኃኑ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ከሙኒክ የመጣችው ተማሪ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ ነርሱ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል፤ መልሱን እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ያመጣል። ከቶሮንቶ የመጣችው የእኛ ልጅም አማርኛዋ ቢያግዛት እንኳ ከሊሙ የመጣች አሮጊት ልቧን የምትከፍተው በራሷ ቋንቋ ነው። ነርሱ በሚያስተረጉምበት ሰዓት ሌላ ታካሚ ወንበር ላይ ይጠብቃል። እዚያ ወረፋ ውስጥ ያለ ሰው ምናልባት ከጌራ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ነው። ስለዚህ የተማሪዋ እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ያ ሰው ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን ተጀምሮ የሚቀር ነገር ነው። አንድ በድባቴ የተያዘ ሰው የተደበቀ ታሪኩን አውጥቶ ለተማሪዋ ቢነግር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቢቀጥል፣ በስድስተኛው ሳምንት እሷ አውሮፕላን ላይ ናት። የተከፈተውን ማን ይዘጋዋል? ዓለም ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በህንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ ስሪላንካን ሲመታ ከብዙ አገር የመጡ አማካሪዎችና ተማሪዎች ወደ ዳርቻው ጎረፉ። ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ ጥቂት ቀን ቆይተው ተመለሱ። በተለይ ሰውን በአንድ ቀን ስብሰባ የደረሰበትን ሁሉ እንዲያወራ ማድረግ እንደሚያድን ይታመን የነበረው ዘዴ እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም አንዳንዱን ሊያባብስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች በጋራ ያወጡት መመሪያ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአካባቢውን ሰው አቅም ማጠናከርን፣ ጉዳት አለማድረስንና ቀጣይነትን ነው። ጅማ ላይም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው፦ ከሄድሽ በኋላ የማይቀጥል ነገር አትጀምሪ።

ይህን ስል ተማሪ አይምጣ ማለቴ አይደለም። እንዴት መምጣት እንደሚቻል ያሳዩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ፤ ሕዝቡ ደግሞ ያኔም ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ጀመረ። ከኢትዮጵያ ወገን ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ከካናዳ ወገን ዶክተር ክሌር ፔይን ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። ካናዳውያኑ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ይመጡ ነበር፤ ሁለት መምህራንና አንድ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም። የሚመጡት በበጎ ፈቃድ ነበር። ታካሚን ተቀብለው ራሳቸው አያክሙም ነበር፤ የሚያክሙትን ኢትዮጵያውያን ሠልጣኞች ያስተምሩ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ያርሙ ነበር። የትምህርቱን ይዘት የሚወስኑት የአዲስ አበባዎቹ መምህራን ነበሩ። በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሐኪሞቹ ቁጥር ወደ 40 ደረሰ። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ አገር ውስጥ ቀሩ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ማስተማር ጀመሩ። አንድ ወር አጭር ነው። ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ተመልሶ የመጣ አንድ ወር ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚህ ቀደም የመጡም አሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 በኢትዮጵያ የሰላም ጓድ ሐኪም ነበር። እዚህ ሳለ ስለ ዛር አጥንቶ ጽፏል፤ የባህል ፈዋሾችና የምዕራብ ሐኪሞች ሥራቸው የት የት እንደሚመሳሰል የሚመረምር መጽሐፍም ኋላ አሳትሟል። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ እያስተማረ ከባልደረባው ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር መንደር ቤት ለቤት እየዞረ አጠና፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1970 ታተመ። በዚያ ዘመን የአፍሪካ ገጠር ሰው በአእምሮ ሕመም አይያዝም የሚሉ ሊቃውንት ነበሩና ሥራው ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ማየትና መጠየቅ ነው። ተማሪዋም ከመርዳት በፊት ማየት ይገባታል፤ ማየት ራሱ ሥራ መሆኑን ደግሞ መምህሮቿ ቀድመው ሊነግሯት ይገባል።

እስቲ ከጅማ ወጣ እንበል። ከሆስፒታሉ ይልቅ ብዙ ነገር የሚገለጠው ጤና ጣቢያ ላይ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረውና ኢትዮጵያ ቀድማ በሞከረችው መርሐ ግብር፣ በእንዲህ ያሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ፣ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴን፣ ሳይኮሲስን (ድምፅ መስማትን የመሰለ ከእውነታ መራቅ) እና የሚጥል በሽታን እንዲያክሙ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት የመዘገበው ጥናት በከባድ የአእምሮ ሕመም ከተያዙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ጨርሶ አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። እነዚያው ታካሚዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው የሚሞቱ ሆነው ተገኙ። የሚገድላቸው በአብዛኛው ተላላፊ በሽታ፣ ረሃብና አደጋ ነው፤ ችላ የተባለ ሰው የሚሞትበት ሞት። ሐኪም ሁሉ አዲስ አበባና ጅማ ቢቀመጥ ይህ አይለወጥም፤ ጤና ጣቢያው መሥራት አለበት።

እዚያ ያለችው ነርስ ግን ብቻዋን ናት። ወባም፣ እርግዝናም፣ ክትባትም፣ ሳይኮሲስም እሷ ጋ ይመጣል። ሥልጠናውን ከወሰደች ቆይታለች፤ ምናልባት መድኃኒቱ ያልቃል። ታካሚው መድኃኒት ጀምሮ ሲሻለው ቤተሰቡ «ዳነ» ብሎ ያቆማል። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነውና። የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ጥቅሙ ሳይሆን አፍ መድረቁና መፍዘዙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ከመሥራቱ በፊት ያቆሙታል። ከተሻለ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ዘጠኝ ወር መቀጠል አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይኮሲስ የተያዘ ሰውም ምልክቱ ከጠፋ በኋላ አንድ ዓመት ያህል መድኃኒቱን መውሰድ ይኖርበታል። ይህን የማያውቅ አስታማሚ ክኒኑን ሲያስቆም ልጁን እየጎዳ መሆኑን አያውቅም።

ሃሎፔሪዶል የተባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ ወጣት እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ጡንቻው ሊደርቅ፣ እግሩ አላርፍ ሊል ይችላል። በከተማ ይህ ያሳፍራል፤ በቡና አገር ደግሞ ኑሮ ያቋርጣል። የደረሰ ቀይ ፍሬ ከቅርንጫፉ አንድ በአንድ የሚለቀመው በጣት ነው። ጣቱ የደረቀበት ልጅ በቀን የሚለቅመው ቅርጫት ያንሳል፤ ክፍያው ያንሳል፤ መድኃኒቱን ይጠላል። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን ሌላ የሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው ለፀሐይ ስስ ይሆናል፤ ቡና ሲያሰጣ ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መለወጥ፣ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ክኒን መጨመር። መፍትሔው የሚገኘው ግን «ቡና ትለቅማለህ ወይ? ጣትህ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሲኖር ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ተማሪዋ የሰማችውን ለነርሷ ብትነግር ትልቅ ሥራ ሠራች።

ወቅቱም መታወቅ አለበት። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጉት በእኛ ክረምት ነው። ጅማ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው፤ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው፤ ያለፈው ዓመት የቡና ገንዘብ አልቋል። ትራንስፖርት ከፍሎ ወደ ቀጠሮ መምጣት የሚከብደው በእነዚህ ወራት ነው። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ጥር ይዘልቃል። ያኔ ገንዘብ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ማሳ ላይ ስለሆነ አስታማሚ አይገኝም። ታዲያ በሐምሌ መጥታ ወረፋው ቀንሶ ያየች ተማሪ ታካሚው ጥቂት ነው ብላ ብትጽፍ ትሳሳታለች። ሕመሙ አልቀነሰም፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የተጀመረው ከዚሁ ችግር ጋር በተያያዘ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. አገሪቱ ውስጥ ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የጅማ ዞኗ ሊሙ ኮሳ ነበረች። ቤተሰቡ ገንዘብ ባለው ወቅት ከፍሎ በሌለው ወቅት ይታከማል። የአእምሮ ታካሚ ያለበት ቤት አባል መሆኑን መጠየቅ፣ ካልሆነም እንዲሆን መምከር ጥሩ አገልግሎት ነው።

ጫትን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በጅማ ጫት ለዱዓ ይቀርባል፤ ለእንግዳ ይቀርባል፤ ተማሪ ለፈተና ይቅመዋል፤ ገበሬው ይሸጠዋል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ይለቃል። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት የዚያኑ ዶፓሚን መንገድ በመዝጋት ነው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ የሚቅም ታካሚ መድኃኒቱ «አልሠራልኝም» ቢል አያስገርምም። ከመርቃናው (ከጫቱ መነቃቃት) በኋላ ለጨብሲ፣ ማለትም ስሜቱን ለማብረድ፣ አልኮል ሲጨመር እንቅልፍም፣ መድኃኒትም ይበላሻል። ጫቱን ሲተወው ደግሞ ዱካክ የሚሉት ቅዠት ሌሊት ያስጨንቀዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ስለዚህ ነገር ስብከት ቢጀምር በሩ ይዘጋበታል። «ስንት ሰዓት ትጀምራለህ? ምን ያህል ትቅማለህ? ሳትቅም ስትውል ምን ይሰማሃል?» ብሎ ያለ ፍርድ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ የሚጠይቀው ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቀው ባለሙያ ነው።

ስለ ጅማ ተማሪዎች ሳላወራ ይህን ጽሑፍ ብጨርስ ትልቁን ነገር ረሳሁ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው እናት የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ተኮር ነበር። ተማሪዎች ቀበሌ ወርደው ቤት ለቤት ይመዘግባሉ፣ ችግሩን ከነዋሪው ጋር ይለያሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ይሠሩበታል። በመጨረሻው ዓመት የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የሌሎች ትምህርቶች ተማሪዎች በቡድን ሆነው በዙሪያው ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ የሊሙ ወይም የደዶ ልጅ በመካከላቸው አለ። ከውጭ የምትመጣዋ ተማሪ ትክክለኛ ቦታዋ ከእነሱ ጎን ነው ብዬ አምናለሁ። እነሱ ቤት ለቤት ሲዞሩ ትከተል። ማታ ተቀምጠው ያዩትን ሲወያዩ እሷ ስለ ጥናት አሠራር፣ ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት፣ ስለ ራሷ አገር ሕክምና ድክመት የምታውቀውን ታካፍል። እዚያም ሰው ወራት ወረፋ ይጠብቃል፤ እዚያም ቤተሰብ ያፍራል። ይህን መስማት ለጅማው ተማሪ ይጠቅመዋል።

ከመምጣቷ በፊት የምታደርገው ነገር ብዙ ነው። ለትምህርት ክፍሉ ቀድማ ትጻፍ፤ ማን እንደሚቆጣጠራት፣ ምን መሥራት እንደማይፈቀድላት በጽሑፍ ትቀበል። ጥቂት ወር ኦሮምኛ ትማር፤ ሰላምታና ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሕመም የሚጠየቁ ዓረፍተ ነገሮች እንኳ ክብር ያስገኛሉ። ብቻዋን ምርመራ አታድርግ፤ መድኃኒት አትምከር፤ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታ የማትፈጽመውን ተስፋ አትስጥ። ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ የነገራትን ሰው ግን ሚስጥር ነው ብላ አትያዝ፤ በዚያው ሰዓት ለነርሱ ትንገር። ወላጆችም ለልጃቸው የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ይህን ይጠይቋት። የመጨረሻዋ ሳምንት ደግሞ ርክክብ ይሁን፤ የጀመረችውን መዝገብ፣ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ለሚቀጥል ሰው አስረክባ ትሂድ።

ለውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና በዚያ ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሙኒክም ከቶሮንቶም ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው፤ የጅማው ተማሪ ግን ወደዚያ ለመሄድ ቪዛ፣ የባንክ ደብተርና ዋስ ይጠየቃል። ከአጋሮ ጤና ጣቢያ የወጣ ወጣት ባለሙያ በአውሮፓ ሆስፒታል ለስድስት ሳምንት ቢቀመጥ አስታማሚን እንዴት የሕክምናው አካል ማድረግ እንደሚቻል ሊያስተምር የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ጅማ ለሚላክ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጅማ ተማሪ የሚሄድበት ወጪና ደብዳቤ አብሮ ይዘጋጅ። ስምምነቱ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና ይህን አንቀጽ አስገቡበት።